ከወጥ ቤት ባልደረቦቻችሁ ጋር ስትውሉ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ አዲስ የገባችሁ ልጆች፣ ሆቴል ብትቀጠሩ፣ ፓርኪንግ ብትገቡ፣ ጽዳት ብትሠሩ፣ የኤል ሳልቫዶር፣ የሆንዱራስና የጓቲማላ ሰዎች አብረዋችሁ አሉ። እኛ ሁሉንም በጅምላ «ስፓኒሾቹ» እንላለን። የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስሰማው ኖሬያለሁ። ተዉት። እኛንስ ከኬንያውም ከናይጄሪያውም ጋር ቀላቅለው ሲጠሩን ምን እንደምንል ታውቃላችሁ።

የሚያገናኛቸው ነገር ብዙ መሆኑ እውነት ነው። ከቋንቋውም ያልፋል። ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስ፣ ኒካራጓና ኮስታሪካ ከስፔን ነጻ የወጡበትን በዓል የሚያከብሩት በአንድ ቀን ነው፤ ሴፕቴምበር 15። ሰነዱ በ1821 ጓቲማላ ከተማ ተፈረመ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ)። ወሬው ኮስታሪካ ለመድረስ አንድ ወር ገደማ ፈጀበት። ዛሬም በየዓመቱ ተማሪዎች ችቦ እየተቀባበሉ ከጓቲማላ እስከ ኮስታሪካ ይሮጣሉ።

በ1823 አንድ ፌዴሬሽን ሆነው ነበር። ሃያ ዓመት እንኳ አልዘለቀም። አንድነቱ እንዳይፈርስ የተዋጋው ፍራንሲስኮ ሞራሳን የሆንዱራስ ልጅ ነው። በ1842 ኮስታሪካ ውስጥ ሳን ሆሴ ላይ ተረሸነ። ቀኑ? ሴፕቴምበር 15! ሁሌም ይገርመኛል። የሆንዱራስን ባንዲራ ስታዩ መሐሉ ላይ ያሉትን ኮከቦች ቁጠሩ። አምስት ናቸው፤ ለአምስቱ አገሮች።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት የሚጣላው በሚጋራው ነገር ነው። ፑፑሳ የሚባለውን ምግብ ውሰዱ። የበቆሎ ሊጡን ድብልብል አድርገው በአውራ ጣት መሐሉን ይጎደጉዱታል። አይብና የተፈጨ ቦሎቄ ይጨምሩበትና ይደፍኑታል። ከዚያ በሁለት መዳፍ ጠፍ ጠፍ አድርገው ምጣድ ላይ ይጥሉታል። በኮምጣጤ ከተዘፈዘፈ ጥቅል ጎመን ጋር፣ በእጅ ይበላል። ኤል ሳልቫዶር በ2005 ብሔራዊ ምግቧ መሆኑን በሕግ አወጀች። ሆንዱራሶቹ ደግሞ «የእኛም ነው» ይላሉ። ኒካራጓና ኮስታሪካም በሩዝና በቦሎቄ፣ «ጋዮ ፒንቶ» በሚሉት፣ እንደዚሁ ይነታረካሉ። እናንተ ዳኛ አትሁኑ። የቀረበላችሁን ብሉና «ጣፋጭ ነው» በሉ።

ሁሉም ግን እንደ ምግቡ አይቀለድበትም። በ1969 ኤል ሳልቫዶርና ሆንዱራስ ለአራት ቀን ያህል ተዋግተዋል። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በተጋጠሙ ሰሞን ስለሆነ «የእግር ኳስ ጦርነት» ተባለ። ነገሩ ግን የመሬት ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሳልቫዶራውያን ሆንዱራስ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ብዙዎቹ ከያዙት መሬት ላይ መባረር ጀመሩ። ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል። በኳስ ስትበሻሸቁ ይቺን አታንሱ።

የእርስ በርስ ጦርነትም አለ። የኤል ሳልቫዶሩ ከ1980 እስከ 1992፣ የጓቲማላው ከ1960 እስከ 1996። በዕድሜ ከገፉት ባልደረቦቻችሁ ብዙዎቹ ያንን ሸሽተው የመጡ ናቸው። ወላጆቻችሁ ስለ ቀይ ሽብር የሚያወሩት ራሳቸው ሲፈልጉ አይደል? እነዚህም እንደዚያው ናቸው። አታውጣጧቸው።

ይልቅ ባልደረባችሁን አገሩን ጠይቁት፣ ቀጥሎ ከተማውን። በኤል ሳልቫዶር ምሥራቃዊ ክፍል ኢንቲፑካ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ብዙ ልጆቿ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ናቸው። ስሟን ከሐበሻ አፍ ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደሚፈካ ታያላችሁ።

አንድ የሥራ ነገር ልጨምር። እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንት ሳይሞላ የእነሱ በዓል ይገባል። ሺፍት ተለዋወጡ፤ እነሱ የእናንተን፣ እናንተ የእነሱን ሸፍኑ። ብቻ ፕሮግራሙ ከመውጣቱ በፊት ለአለቃችሁ ንገሩ። በዋዜማው መጥቶ የሚለማመጠኝ ሰው እኔን ራሴን ያበሽቀኝ ነበር።