የታይፕ ጠረጴዛው ለምን ዝቅ ያለ ነበር?

በቀደም አንዲት ልጅ ጥያቄ ላከችልኝ። ዩኒቨርሲቲ በር አካባቢ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒውተር እየመታች የምትተዳደር ናት። «ጋሼ፣ ሌሊት ቀኝ እጄ እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኛል። ኪቦርዱን ልቀይረው እንዴ?» ትላለች።

ስለ ኪቦርዱ የምለው አለኝ። ግን ጥያቄዋን ካነበብኩ ወዲህ የአንዲት ሴት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። መጀመሪያ እሱን ላውራችሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ዋና ጸሐፊዋን ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ከታይፕ ዘመን የመጡ ናቸው። ታይፕ ሲመቱ ማየት በራሱ ደስ ይላል። ጀርባቸው ቀጥ ያለ ነው። ክርናቸው ከጎናቸው አይርቅም። መዳፋቸው የትም ሳይደገፍ ጣቶቻቸው ብቻ ይሮጣሉ። መስመር ሲያልቅ ደወሉ ቃጭ ይላል። ያኔ እጃቸውን አንስተው ማሽኑን ወደ መጀመሪያው ይመልሱታል። ገጽ ሲያልቅ ካርቦን ይደርባሉ፣ ወረቀት ያስተካክላሉ። ያ ሁሉ ለእጅ እረፍት እንደነበር ያኔ ማን ልብ አለው?

ኮምፒውተር መጣ። ሞኒተሩ የትልቅ ካርቶን ያህላል። ኃላፊያችን «ይሄን የመሰለ ዕቃ እንዴት በታይፕ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል?» ብለው የተወለወለ ሰፊ ጠረጴዛ አስመጡ። የታይፑ ጠረጴዛ ንብረት ክፍል ገባ።

ያ ጠረጴዛ ዝቅ ያለው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ተቀምጦ ለሚመታ እጅ ተለክቶ የተሠራ ነው። ተራ የቢሮ ጠረጴዛ ቁመቱ ከ73 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለማንበብና ለመፈረም ይመቻል። የታይፑ ከዚያ 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እትዬ ደግሞ ቁመታቸው አጠር ያለ ነበር። አዲሱ ጠረጴዛ ላይ ሲጽፉ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይወጣል፤ የእጅ አንጓቸው ወደ ላይ ይታጠፋል።

ሳምንት ሳይሞላ «ልጆች፣ ጠረጴዛዬን መልሱልኝ» አሉ። ኃላፊው ሳቁ። እኛ ወጣቶቹም አዲሱን ማሽን ፈርተው መሰለን። እትዬ ግን ምንም አልፈሩም። ከብዙዎቻችን ቀድመው ፋይል ማስቀመጥና ማተም ለምደዋል። ደግመው ጠየቁ። ከዚያ መጠየቁን ተዉት።

ዓመት ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፣ ሌሊት እጃቸውን እያራገፉ እንደሚነሡ ይነግሩን ጀመር። አውራ ጣት፣ አመልካች ጣትና መሃል ጣት ይደነዝዛሉ። ትንሿ ጣት ደህና ናት። አንዱ ምች ነው አላቸው። አንዱ ብርድ ነው ብሎ ቅቤ አስቀባቸው። ወጌሻ ጋ ሄደው ታሹ። አንድ ቀን ቡና ሰዓት ላይ ሲኒ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ሲኒን በሁለት እጅ ሆነ የሚይዙት። እየቆየ ከአውራ ጣታቸው ሥር ያለው ሥጋ እየሟሸሸ፣ መዳፋቸው ጎድጎድ እያለ መጣ። ጊዜያቸው ሳይደርስ ጡረታ ወጡ።

ሕመሙ ስም እንዳለው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ያወቅኩት። ካርፓል ተነል ይባላል። አንጓ ላይ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ነርቭ ሲጨመቅ የሚመጣ ነው። የትንሿ ጣት ስሜት በሌላ ነርቭ ስለሚመጣ ነው እሷ የምትተርፈው። መነሻው ብዙ ነው። እርግዝና፣ ስኳር፣ የታይሮይድ እጢ ችግርም ያመጡታል። ስለዚህ ሁሉንም በጠረጴዛው አላሳብብም። ግን የታጠፈ አንጓ ነርቩን እንደሚጫነው የታወቀ ነው። እትዬም የሚያስፈልጋቸውን በራሳቸው አፍ ነግረውን ነበር። ንብረት ክፍል ወርዶ ያን ጠረጴዛ ተሸክሞ መምጣት ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር? እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ኪቦርዱ። ልጄ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። ከኪቦርዱ ጀርባ የሚወጡትን ሁለት ትንንሽ እግሮች እጠፊያቸው። ብዙ ሰው ለምቾት የተሠሩ ይመስለዋል። ኋላውን ሲያነሡት አንጓ ይበልጥ ወደ ላይ ይታጠፋል። ጠ፣ ጨ እና ጰን በሺፍት የምትጽፉ ደግሞ የአንድ እጅ ጣቶችን ዘርግታችሁ ሁለቱን ቁልፍ አትያዙ። በቀኝ የሚመታውን ፊደል በግራው ሺፍት፣ በግራ የሚመታውን በቀኙ። የድሮ ታይፒስቶች ሁሉ እንደዚህ ነበር የሚማሩት። የአሁን ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፣ ግን በሁለት ጣት ነው የምትሮጡት። ማንም ቁጭ አድርጎ ስላላስተማራችሁ ነው፤ አልፈርድባችሁም።

አልጋ ላይ ተጋድማችሁ ላፕቶፕ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ለውጭ አገር ደንበኛ የምትሠሩትን ግን ዝም ማለት አልችልም። ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ አይለያዩም። ስክሪኑ ለዓይን ሲስተካከል እጅ ይሰቀላል፤ ኪቦርዱ ለእጅ ሲስተካከል አንገት ይጎነበሳል። መውጫው አንድ ነው። ላፕቶፑን መጽሐፍ ደራርባችሁ ከፍ አድርጉትና የተለየ ኪቦርድና ማውስ ሰኩበት። ቅድም ገንዘብ አታባክኚ ብያለሁ። ለዚህ ግን ተበድራችሁም ቢሆን ግዙ። መብራት የሚያብለጨልጭ የጌም ኪቦርድ አያስፈልጋችሁም። በቀኝ በኩል የቁጥር ቁልፍ የሌለው አጭሩ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ማውሱ ወደ ሰውነታችሁ ይጠጋል፣ ክንዳችሁ ሩቅ አይዘረጋም።

ከእጅ ነገር ትንሽ ልውጣ። ስለ ኤሌክትሪክ ብዙ አልልም፤ ውሃና ኮምፒውተር እንደማይስማሙ ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ብቻ። በዚያው መሥሪያ ቤት አንድ የሥራ ባልደረባዬ መብራት ጠፍቷል ብሎ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየውን ዩፒኤስም ከግድግዳ ነቅሎ፣ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩን ከፈተ። ዩፒኤሱ ግን ባትሪ አለው። ከግድግዳ ቢነቀልም 220 ቮልቱን ማውጣቱን አያቆምም። እግዜር አተረፈው፣ ክንዱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ንቀሉ። ፓወር ሰፕላዩን ደግሞ ባትከፍቱት ይሻላል፤ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሱቃችሁ ውስጥ ኮምፒውተሩና የቡናው ምድጃ በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ ካሉ ዛሬውኑ ለዩአቸው።

የሌሊቱ መደንዘዝ ከቀጠለ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ነርቭ የሚያይ። በጊዜ ከተያዘ ብዙ ጊዜ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር ያቀለዋል። ካልሆነም ቀዶ ጥገናው ትልቅ አይደለም። የጠፋው ሥጋ ግን እንደ ነበረ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ እስከ ምርቃት ሰሞን ልቻለው አትበዪ።

የጽሕፈት ቤት ባለቤቶችም ይሄን ካነበባችሁ፣ ጠረጴዛው የእናንተ ከሆነ አናጺ ጠርታችሁ እግሩን አስቆርጡት። ልጅቷ ክርኗን ከጎኗ አድርጋ ስትቀመጥ ኪቦርዱ ከክርኗ ከፍታ እኩል ይሁን፣ ልኩ እሱ ነው። ጠረጴዛው የኪራይ ከሆነ ወንበሩን ከፍ አድርጉ። እግሯ ከተንጠለጠለ፣ ኤፎር ወረቀት የመጣበት ካርቶን ከነወረቀቱ ከእግሯ ሥር ይበቃል።