አየር መንገዱን ያዳነው ጭነት ነው

በኮቪድ ወረርሽኝ የመንገደኛ በረራ ሲቋረጥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያለ መንግሥት ድጎማ እንዴት ተረፈ ብለህ ለጠየቅኸው፣ መልሱ ጭነት ነው።

ከወረርሽኙ በፊት ከዓለም የአየር ጭነት ግማሽ ያህሉ የሚጓዘው በመንገደኛ አውሮፕላኖች ውስጥ፣ ከተሳፋሪዎች ወለል በታች ባለው ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 እነዚያ አውሮፕላኖች መሬት ላይ ሲቀሩ የመጫኛ ቦታ ጠፋ። ጭምብል፣ ጓንትና የሕክምና ዕቃ በአስቸኳይ የሚፈልገው ደግሞ በዛ፤ የማጓጓዣ ዋጋም ናረ። አየር መንገዱ በጭነት አውሮፕላኖቹ ብቻ አልተወሰነም፤ 25 ያህል የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር ነቅሎ ዕቃ ጫነባቸው። ሥራውን የሠሩት የራሱ ባለሙያዎች መሆናቸውን በጽሑፍህ አትለፈው። አዲስ አበባ ላይ የራሱ የጥገና ማዕከል ባይኖረው ያ ፍጥነት ከየት ይመጣ ነበር?

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የመንገደኞች ጉዞን ማገገም ስትለካ መነሻህ 2019 ይሁን፤ 2020 አይሁን። እኔ በመመረቂያ ጽሑፌ 2021ን ከ2020 ጋር አነጻጽሬ ዕድገቱ እጅግ ትልቅ መሰለኝ፤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንደገና ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የዓለም የመንገደኞች ጉዞ በ2020 ከቀደመው ዓመት በ66 በመቶ ገደማ ወድቆ ነበር። ከ100 ወደ 34 የወረደ ነገር በ50 በመቶ ቢያድግ እንኳ የሚደርሰው 51 ላይ ነው። የዓለም የመንገደኞች ጉዞ የዓመት ድምር የ2019ን መጠን ያለፈው በ2024 ነው።