ቦርዱን ከመግዛትሽ በፊት ምጣድሽ የት እንደተቀመጠ ንገሪኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው የኔን ጉድ ሌላ ሰው የጻፈው ነው የመሰለኝ። «የማይክሮዌቬን አውቶማቲክ ማሞቂያ ስጫነው ትንሽ ይሠራና ‹ሴንሰር ኤረር› ብሎ ይቆማል፤ ራሴ ደቂቃ ስሞላለት ግን ያለ ችግር ያሞቃል። ጠጋኙ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ተቃጥሏል፣ 6,000 ብር አምጪ እያለኝ ነው፤ ላስቀይር?» ነው ያልሽው። አታስቀይሪ። ቢያንስ ቅዳሜ እስኪያልፍ ጠብቂ። ለምን ቅዳሜ እንዳልኩሽ እደርስበታለሁ።

እኔ በዚሁ ጣጣ 4,500 ብር ከስሬያለሁ። ያውም ዕቃ ስገዛ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር የማነብ፣ ቤተሰቡ «ኢንጂነሯ» እያለ የሚቀልድብኝ ሰው ነኝ።

ደቂቃ ስትሞዪለት የሚያሞቅ ከሆነ የሚያሞቁት ክፍሎች፣ ማግኔትሮኑም ትራንስፎርመሩም፣ ደህና ናቸው። የተጣላሽው ከእርጥበት ሴንሰሩ ጋር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይበላሽም ያኮርፋል። ስለዚህ በቅደም ተከተል፦

1. በሩን አትክፈቺ። አውቶማቲኩ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ የቀረ ደቂቃ አይታይም፤ ከምግቡ እንፋሎት እስኪወጣ እየጠበቀ ነው። እንፋሎቱን ሲያገኝ ያሰላና ቁጥር ያወጣል። ከዚያ በፊት በሩ ከተከፈተ እንፋሎቱ ያመልጥና ስሌቱ ይበላሻል። የኔ ትንሹ ልጅ «ሞቀ እንዴ?» እያለ በየሠላሳ ሰከንዱ ይከፍት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ኤረሮች እሱ እንዳመጣቸው አልጠራጠርም። ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ከፍተሽ ብታማስዪ ችግር የለውም።

2. ውስጡ ደረቅ ይሁን። የሚሽከረከረውን ሳህን አንሥተሽ ሥሩንም በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። ምግቡን በሚገባ ክደኚው፤ ግን እንደ ድስት ግጥም አታድርጊው፣ በአንድ ጎን ትንሽ ክፍት ይኑረው። መብራት ሄዶ ከመጣ ደግሞ ወዲያው አትጫኚው። የኔው መመሪያ ሶኬት ላይ ከተሰካ በኋላ ሁለት ደቂቃ ይጠበቅ ይላል፤ እኛ ሰፈር መብራቱ በቀን ስንቴ እንደሚሄድ ስለማታውቂ ነው እንጂ ይቺ ብቻዋን ታስለቅሳለች። የክፍሉ ሙቀትም ከ35 ዲግሪ በላይ መሆን የለበትም ይላል። ለአዲስ አበባ ይሄ አያሳስብም ብዬ አልፌው ነበር። ወጥ ቤቴን ረስቼ!

3. የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹን እዪ፣ ከግድግዳ አርቂው። ሴንሰሩ የሚቀመጠው ሞቃት አየር በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ እኔ የተቃጠልኩት።

መጀመሪያ ኤረሩ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው። ጋራንቲው ገና ስላላለቀ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ታክሲ ላይ ጭኜ፣ ተሸካሚ ከፍዬ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሴንሰር በጋራንቲ አይሸፈንም» አለችኝ። የት ነው የተጻፈው ስላት «እኛ ጋ ነው የተጻፈው» አለችኝ። ወረቀቱን አሳዪኝ ብላት ደግሞ ደረሰኜን ገልብጣ ማኅተሙ ደብዛዛ ነው ማለት ጀመረች። ማኅተሙን የመቱት እነሱ ናቸው! ተናድጄ ወጣሁ። ስህተቴ ያኔ ጀመረ፤ የተናደደ ሰው ቶሎ ይከፍላል።

ጎረቤቴ ጠጋኝ ላከችልኝ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሽፋኑን ፈታ፣ ገመዶቹን ነካካ፣ ነፋ ነፋ አደረገና ዘጋው። በሳምንት አንዴ ይመጣ የነበረው ኤረር ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሁልጊዜ ሆነ። በተጫንኩት ቁጥር! እሱ ደግሞ «አየሽ፣ ቦርዱ ለይቶለት ሞተ» አለኝ። ሲፈታው ደህና የነበረ ዕቃ እጁ ላይ ሞተ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ወሰደው፣ ሁለት ሳምንት ቆየ፣ አዲስ ቦርድ ገጥሞ መለሰልኝ። 4,500 ብር። አንድ የሠራሁት ጥሩ ነገር ቢኖር አሮጌውን ቦርድ መልስልኝ ማለቴ ነው። አጉረመረመ፣ ግን ሰጠኝ። ማንም ዕቃ ቀየርኩልሽ ካለሽ አሮጌውን ተቀበዪ።

ከእሑድ እስከ ዓርብ እንደ ሰዓት ሠራ። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ስጋግር ለልጆቹ የትናንት ሽሮ ላሙቅ ብዬ ተጫንኩት። ኤረር።

የኔ ወጥ ቤት የኮንዶሚኒየም ነው፤ ሁለት ሰው ቆሞ አይተላለፍበትም። ምጣዱና ማይክሮዌቩ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ማሰሻው በእጄ እንዳለ ስክሪኑን እያየሁ ቆምኩ። ከዚያ እንጀራው እንዳያርርብኝ አከንባሎውን ሳነሳ እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ተነሣ፣ ግድግዳውን ይዞ ሄደና በማይክሮዌቩ ጀርባ በኩል ገባ። በዓይኔ አየሁት፤ ከኋላ ያለው ማራገቢያ ስቦ ዋጠው። ስንት ቅዳሜ ከዚህ ምጣድ አጠገብ ቆሜ ይሄን አላየሁም!

ምጣዱን አጠፋሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ውስጡን ጠረግሁ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ሽሮውን መለስኩት። ሠራ።

ለማረጋገጥ መርካቶ ውስጥ የድሮ ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰድኩት። እሳቸው ከመንካታቸው በፊት ካፓሲተሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ አራገፉ። ይሄን ስሚኝ፦ ማይክሮዌቭ ውስጥ 2,000 ቮልት አካባቢ የሚይዝ ካፓሲተር አለ፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ይገድላል። ወንድምሽ «እኔ እከፍተዋለሁ» ቢልሽ እንዳትሰሚው።

ከዚያ አሳዩኝ። «ይቺ አፍንጫው ናት» አሉኝ። ሴንሰሯ የጣት ጫፍ አታክልም። ውስጧ እህል የሚያካክሉ ሁለት ቴርሚስተሮች፣ ሙቀት የሚለዩ ነገሮች፣ አሉ፤ አንዱ ደረቅ አየር ውስጥ ታሽጓል፣ ሌላው በቀዳዳ ከውጭው አየር ጋር ይገናኛል። እንፋሎት ሲመጣ የክፍቱ ሙቀት ከታሸገው ይለያል፤ ቦርዱ የሚያነበው ያንን ልዩነት ነው። አየሩ ገና ከመጀመሪያው በምጣድ እንፋሎት ከሞላ ልዩነቱን ከየት ያምጣው? በዚያ ላይ፣ አሉኝ፣ ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ መስመሩ አንድ ከሆነ ቮልቱ ይወርድና ማይክሮዌቩ ይደክማል፣ ምግቡም በጊዜው እንፋሎት አያወጣም።

ሴንሰሩን በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ለኩት። የኔው ሴንሰር ሦስት ገመድ አለው፤ ከመካከለኛው ወደ ሁለቱም ጎን ሲለኩት ተቀራራቢ ቁጥር አወጣ፣ ደህና ነው አሉ። አንዱ ወገን ዜሮ ቢያሳይ ወይም ጭራሽ ባያነብ ነበር ሴንሰሩ የሞተው፤ ያኔም ቢሆን የሚቀየረው እሷ ብቻ ነች።

አሮጌውን ቦርድ ከፌስታል አውጥቼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፣ የተቃጠለ ቦታ የለውም። አዲሱን አወጡ፣ አሮጌውን መልሰው ገጠሙ፣ የሴንሰሩን ኮኔክተር፣ የገመዱን መሰኪያ፣ ቀጭ እስኪል ገፉት። ሠራ! ያ የሳሎኑ ጠጋኝ ሲነካካ ኮኔክተሩን አላልቶ ነበር የዘጋው፤ ሁልጊዜ የሆነው ኤረር የሱ ሥራ ነበር። 300 ብር ተቀበሉኝ፤ ሻይ ልጋብዝዎ ብላቸው እንቢ አሉ። የ4,500 ብሩ ቦርድ እስካሁን ቁም ሳጥን ላይ አለ። የሚገዛ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።

ጠጋኙን ባለቤቴ ደውሎ ቢያፋጥጠው «ታዲያ ሠራ አይደል?» ብሎ ዘጋበት።

4. ይሄን ረስቼው። አሁን ቤትሽ የምትሞክሪው፦ እንጀራ በማትጋግሪበት ቀን አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ሩብ ሊትር የምትሆን፣ በሚገባ ከድነሽ አስገቢና አውቶማቲኩን ተጫኚ። ቁሚና ስክሪኑን እዪ። እንፋሎት ወጥቶ የቀረ ደቂቃ ካሳየሽ አፍንጫውም ቦርዱም ይሠራሉ፤ 6,000 ብርሽን ያዢ። እንፋሎቱ በበሩ መስታወት እየታየሽ ቁጥር ካልመጣ ያኔ ሴንሰሩን በቴስተር የሚለካ ሰው ፈልጊ፤ ሳይለካ ቦርድ የሚልሽን አሰናብቺው።

ምግቡ በአውቶማቲክ ሲሞቅ ለብ ብሎ ብቻ የሚወጣብሽ ከሆነ ደግሞ ያ ብልሽት አይደለም። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሴንሰሩ የሚያውቀው እንፋሎትን እንጂ ሙቀትን አይደለም። እኔ አንድ ደቂቃ እጨምርለታለሁ።

ማይክሮዌቩን እኔ ሳሎን በር አጠገብ አዛወርኩት። አማቴ «ወጥ ቤት ሳሎን ገባ» ብለው እስካሁን ያሙኛል። ያንቺስ የት ነው? ጠጋኙ እስከዚያ ከደወለ «ቅዳሜ እንጀራ አለብኝ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ» በዪው።