ጥያቄና መልስ፦ ንጉሡ የእኛ ሰው ቢሆንስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተ ክርስቲያን ከሰማዕታት ዘመን ወጥታ ያረፈችው ቈስጠንጢኖስ በሮም ሲነግሥ ነው። ታዲያ ዛሬም ለእኛ የሚቆም ባለሥልጣን ብናገኝ፣ ዐውደ ምሕረት ላይ አቁመን ብንደግፈው ምን ይከፋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀየረ ብዙ ጊዜ ይመጣብኛል። የሚጠይቁኝ ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ስትገፋ አይተው የተቆጩ ናቸው። ግን ታሪኩን የኒቅያ ጉባኤ ላይ ሲደርሱ ይዘጉታል።

የቈስጠንጢኖስን ውለታ አንክድም። በ313 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስደቱን በዐዋጅ አስቁሟል። በ325 የኒቅያ አባቶች «ወልድ ፍጡር ነው» ያለውን አርዮስን በቃለ እግዚአብሔር አወገዙት፤ ልክ ነበሩ። ያጋዘው ግን ንጉሡ ነው። ያኔ ስንቱ «እሰይ!» ብሎ ይሆን? ጥቂት ዓመታት አለፉና ያው ንጉሥ አርዮስን ከግዞት መለሰው። በ335 ደግሞ ተራው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ የቅዱስ አትናቴዎስ ሆነ። ተበደልኩ ብሎ ቍስጥንጥንያ ድረስ ለአቤቱታ ቢሄድ፣ ከሳሾቹ «ከእስክንድርያ የሚመጣውን እህል አስቆማለሁ ብሏል» አሉት። ልብ በል፣ ክሱ ስለ ሃይማኖት አይደለም፤ ስለ እህል ነው! ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ትሪየር ተጋዘ። ጳጳስ የቤተ መንግሥት ሰው ሆኖ ከታየ፣ የሚከሰሰውም እንደ ፖለቲከኛ ነው።

በልጁ በቆንስታንቲዮስ ጊዜ ነገሩ ባሰ። በ356 ወታደሮች በሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሰብረው ገቡ፤ አትናቴዎስ ለጥቂት አመለጠ። በመንበሩም ጊዮርጊስ የሚባል አርዮሳዊ ተቀመጠ (ሰማዕቱን እንዳይመስልህ)። ቄሣሩ ይህም አልበቃውም። ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፦ ፍሬምናጦስን ወደ ግብፅ ላኩት፣ ጊዮርጊስ ይመርምረው። ፍሬምናጦስ ማለት እኮ አትናቴዎስ ጳጳስ አድርጎ የሾመልን የእኛው አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ነው! ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጽሑፉ ስላቆየልን ዛሬም ይነበባል።

እዚህ ላይ ሁሌም የምሰማት መልስ አለች፦ «እሱማ መናፍቅ ስለነበረ ነው፤ የእኛ ሰው ቢሆን ኖሮ...» አይደለም ወንድሜ። ልጁ የሄደበትን መንገድ የጠረገው አባቱ ነው፤ ያውም የእኛ ሰው ሳለ። ሰይፉ ለእኛ ሲመዘዝ ያጨበጨበ ሰው፣ በእርሱ ላይ ሲዞር «የቤተ ክርስቲያንን ጉዳይ ለቤተ ክርስቲያን ተው» ቢል ማን ይሰማዋል? ጌታ በጲላጦስ ፊት «መንግሥቴ ከዚህ ዓለም አይደለችም» ያለው (ዮሐ 18፥36) አማራጭ አጥቶ አይደለም። የሚዋጉለት ሎሌዎች አላስፈለጉትም።

ስለዚህ እንደ ዜጋ የፈለግኸውን ምረጥ፤ መብትህ ነው። ባለሥልጣኑም ቅዳሴ ይምጣ፣ ንስሐ ይግባ፣ ይቍረብ። ለነገሥታት እንድንጸልይም ታዘናል (1ጢሞ 2፥2)፤ ለማንወደውም ጭምር። ዐውደ ምሕረቱ ላይ ግን ማይክ አትስጡት። ለደብሩ ሕንፃ ገንዘብ የሰጠ እንደሆነም እንደ ማንኛውም ምእመን ደረሰኝ ቈርጣችሁ ስጡት።