በአዲስ የፋይናንስ ሥራ ግራ ለተጋቡት ጠያቂያችን

ውድ ጠያቂያችን፣ በፋይናንስ ክፍል ሥራ ከጀመሩ ሦስት ወር ቢሆንዎትም የወር መዝጊያ (የወሩን ሒሳብ አጠቃሎ የመዝጋት ሥራ) በመጣ ቁጥር እንደሚጨነቁ፣ ባልደረቦችዎ በአንድ ቀን የሚጨርሱት ሒሳብ ብዙ ቀን እንደሚወስድብዎት፣ ደጋግሞ መጠየቅም እንደሚያሳፍርዎት ገልጸው ሥራውን ልልቀቅ ወይ ብለው ጠይቀዋል። በዚህ ሙያ ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁና አዳዲስ ሠራተኞችንም ስላለማመድሁ የማውቀውን ልንገርዎት።

በመጀመሪያ፣ ራስዎን የመዘኑበት መንገድ ትክክል አይመስለኝም። የእኛ ሥራ ጊዜ ጠብቆ የሚመላለስ ነው። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ (የባንኩን መግለጫ ከራሳችን መዝገብ ጋር ማመሳከር) እና የወር መዝጊያ በዓመት 12 ጊዜ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት 4 ጊዜ፣ የዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣሉ። ስለዚህ እርስዎ የወር መዝጊያን ያዩት ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያውም ፋይል የት እንደሚቀመጥ በመጠየቅ ያለፈ ይሆናል። አጠገብዎ የተቀመጠችው ባልደረባ አምስት ዓመት ከሠራች ግን 60 ጊዜ ዘግታለች። ፍጥነቷ የመጣው ከዚያ ነው፤ የእርስዎን የችሎታ ማነስ አያሳይም።

ፍጥነቱን ለጊዜው ይተዉትና አንድ ክፍያ መርጠው ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይከተሉት። የግዢ መጠየቂያውን፣ የዕቃ መረከቢያውን፣ የአቅራቢውን ኢንቮይስ (የዋጋ መጠየቂያ ሰነድ) እና የክፍያ ቫውቸሩን (ክፍያው የተፈቀደበትን ሰነድ) አንድ በአንድ እያዩ፣ የትኛው ሒሳብ ዴቢት (በግራ በኩል የተመዘገበ) የትኛው ክሬዲት (በቀኝ በኩል የተመዘገበ) እንደተደረገ፣ ከዚያም ቁጥሩ በሌጀር (በዋናው የሒሳብ መዝገብ) አልፎ በወሩ ሪፖርት የትኛው መስመር ላይ እንዳረፈ በማስታወሻዎ ይጻፉ። ሲስተሙ ላይ የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለበት ብቻ የተማረ ሰው ትንሽ ለየት ያለ ጉዳይ ሲገጥመው ይቆማል፤ የሰነዱን ጉዞ የሚያውቅ ግን ሲስተሙ ቢቀየርም አይቸገርም።

አዲስ ሠራተኛን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ገንዘብ ሳይወጣ ወጪ መመዝገቡ ነው። የዚህ ወር የመብራት ሒሳብ መጠየቂያ በሚቀጥለው ወር ቢደርስም፣ አገልግሎቱን ያገኘነው በዚህ ወር ስለሆነ ወጪው የዚህ ወር ነው። ስለሆነም በግምት ወጪው ዴቢት፣ ተከፋይ ሒሳቡ (ገና ያልከፈልነው ዕዳ) ክሬዲት ይደረጋል፤ በብዙ ቦታ ይህ ምዝገባ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ተቀልብሶ ትክክለኛው ሒሳብ ሲመጣ ይመዘገባል። ምክንያቱን ካልያዙት ይህ ሁሉ መመላለስ ትርጉም የለሽ ይመስላል፤ ከያዙት ግን የወር መዝጊያው ግማሽ ይገባዎታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እኩል መሆን በሚገባቸው ሁለት ድምሮች መካከል ልዩነት ሲያጋጥምዎት ደግሞ ሁሉንም ቫውቸር ከማገላበጥዎ በፊት ልዩነቱን ራሱን ይመርምሩት። ለምሳሌ 8,450 የነበረው 4,850 ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ 3,600 ነው፤ ይህም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ሁልጊዜ እንዲህ ስለሚሆን፣ ለ9 የሚካፈል ልዩነት ሲያዩ መጀመሪያ የተገለባበጠ ቁጥር ይፈልጉ። ከዚያ ልዩነቱን ለሁለት ያካፍሉትና ያን መጠን ይፈልጉ፤ ዴቢት መሆን የሚገባው ክሬዲት ተደርጎ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ፍንጮች እንጂ ማረጋገጫዎች አይደሉም፤ ሆኖም ብዙ ድካም ያስቀራሉ።

ስለ መጠየቅ ያነሡት ነገር በጣም ተሰምቶኛል። ሰውን የሚያሰለቸው የጥያቄ መብዛት ሳይሆን ያልተሞከረበት ጥያቄ ነው። «የባንክ ማስታረቁ አልገባኝም» ከማለት ይልቅ «ስቴትመንቱን ከመዝገባችን ጋር አመሳክሬ ያልተመነዘሩትን ቼኮች ለይቻለሁ፤ ይህ ገቢ ግን ባንኩ ጋ አለ፣ እኛ ጋ የለም፤ የት ልፈልገው?» ቢሉ ጠያቂውም ተጠያቂውም ይጠቀማሉ። የተነገረዎትን ወዲያው ይጻፉት፤ የሚያስቸግሩዎትንም ነገሮች ከመዝጊያው ቀን ቀደም ብለው ያንሡ፤ በዚያ ቀን ማንም ሰው ረጋ ብሎ ለማስረዳት ጊዜ የለውም።

ሥራውን ስለመልቀቅ ግን ቢያንስ አንድ የዓመት መዝጊያ ሳያዩ አይወስኑ፤ ተበታትኖ የተማሩት ነገር የሚገጣጠመው በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት እንዲወጡ የምመክርዎት፣ ምንነቱን ያልተረዱትን ሰነድ እንዲፈርሙ የሚገፋፋዎት አለቃ ካለና ማብራሪያ ሲጠይቁም የሚከለክልዎት ከሆነ ብቻ ነው።