ልጆች ስለ ሰማይና ስለ ብርሃን ሲጠይቁ፦ ጥያቄና መልስ

የአራት ዓመት ልጅ እናት፦ መምህር፣ ልጄ ሰማይ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የባሕር ነጸብራቅ ነው ልበላት?

መምህር፦ አይበሏት። ከባሕር ርቆ ያለው ሰማይም ሰማያዊ ነው፤ አንድ ቀን ራሷ ትደርስበታለች። መጀመሪያ ያስገምቷት፣ ከዚያ ያሳዩአት። ብርሃን በሚያሳልፍ ዕቃ 1 ሊትር ውኃ ይሙሉ፤ ክፍሉን ያጨልሙ፤ በአንዱ ጎን የእጅ ባትሪ ያብሩ፣ በሌላው ጎን ነጭ ወረቀት ያቁሙ። ወተት በጠብታ እየጨመሩ ያማስሉ። የብርሃኑ መስመር ከጎን ሲያዩት ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሲሆን ያቁሙ፤ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ብዙም አያልፍም። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ግን ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ወተቱ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች ሰማያዊውን ከቀዩ ይበልጥ ይበትኑታል፤ አየርም የፀሐይን ብርሃን እንዲሁ ያደርገዋል። ስትጠልቅ ፀሐይ የምትቀላው ብርሃኗ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ነው፤ ሰማያዊው በመንገድ ተበትኖ ያልቃል። ይህን ስታስረዱ ልጆች ፀሐይን በቀጥታ እንዳያዩ!

አባል 2፦ ሞከርኩት፤ ነጭ ብቻ ሆነብኝ።

መምህር፦ ወተቱ በዝቷል። ግማሹን ደፍተው በንጹሕ ውኃ ይሙሉት። አምፖሉ ቢጫ ከሆነም ሰማያዊው አይወጣም፤ ነጭ ብርሃን ያለው ይፈልጉ።

አባል 3፦ ልጄ ብዙ ይጠይቃል፤ ምን ላድርግ?

መምህር፦ ምን ብሎ ጠየቀ? ዕድሜውስ? ጥያቄውን በራሱ አባባል ይጻፉልኝ።

አባል 4፦ ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ?

መምህር፦ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ አንብቡ።

አባል 5፦ የሐምራዊ ሞገድ ከሰማያዊ ያጥራል፤ ታዲያ ሰማዩ ለምን ሐምራዊ አልሆነም?

መምህር፦ ይህ ጥያቄ ነው! በእርግጥ ሞገዱ ያጠረ ብርሃን ይበልጥ ይበተናል፤ የሞገዱ ርዝመት 450 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው) የሆነ ሰማያዊ ብርሃን 700 ናኖሜትር ካለው ቀይ ወደ 6 እጥፍ ገደማ ይበተናል፤ ሐምራዊው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ነገር ግን ከፀሐይ የሚደርሰን ሐምራዊ ከሰማያዊው ያነሰ ነው፤ ዓይናችንም ለሐምራዊ ደካማ ነው። ድብልቁ ተደምሮ ሰማያዊ ሆኖ ይታየናል።

አባል 6፦ ለሕፃን ናኖሜትር ምን ይሠራል? «እንዲያምር ነው» ቢባል ይበቃል።

አባል 5፦ አይበቃም። ልጅቷ ለምን ነው ያለችው፣ አንተ መልሱን ዘጋህባት።

አባል 6፦ እኔ አልዘጋሁም፤ ስታድግ ትማረዋለች። ደግሞ ወተት ከማባከን ቪዲዮ ማሳየት አይሻልም?

መምህር፦ አይሻልም፤ በጠብታ ወተት ልትከራከሩ ነው? ናኖሜትሩ ለወላጅ ነው። ለልጅ «አየሩ ሰማያዊውን ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትነዋል» ይበቃል፤ አጭር ነው፣ እውነትም ነው፣ በኋላ የሚፈርስ ነገር የለውም።

አባል 7፦ ዳይኖሰሮች ምን ዓይነት ድምፅ ነበራቸው?

መምህር፦ የእኔ መስክ አይደለም።

አባል 8፦ ልጄ «ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» ይላል።

መምህር፦ ወደ 384,000 ኪሎ ሜትር ስለምትርቅ ጥቂት ብንራመድ አቅጣጫዋ አይለወጥም፤ ቅርብ ያለው ዛፍ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት ልጆች በተቃራኒ አቅጣጫ ይሂዱ፤ ሁለቱም «እኔን ተከተለች» ይላሉ። ክርክሩን ለእነሱ ይተዉላቸው።

አባል 8፦ በቀንም አይቷታል።

መምህር፦ ግማሽ ጨረቃ እየሞላች ከሆነ ከሰዓት በኋላ፣ እየጎደለች ከሆነ ጠዋት ትታያለች። ሙሉዋ ግን ከፀሐይ ትይዩ ስለሆነች ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የምትወጣው። በቀን ስትፈልጓት አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ለልጁ አይስጡት። ድንገት ፀሐይ ላይ ቢያርፍ ዓይኑን በቅጽበት ይጎዳዋል።