መልስ፦ ዳቦው እውነት 100 ግራም ነው?

አቦ፣ ጥያቄህ ደስ ይላል። ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አንድ ዳቦ ቤት 100 ግራም ነው የተባለ 25 ዳቦ መዝነህ አማካዩ 96 ግራም፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (ክብደቶቹ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) 8 ወጣ፤ አሁን «አማካዩ 100 ግራም ነው» የሚለውን መላ ምት ልፈትን ወይስ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (ለእውነተኛው አማካይ የሚገመት የቁጥር ክልል) ልሥራ ነው ያልከው። ሁለቱም ከአንድ ስሌት ነው የሚወጡት። 8ን ለ25 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ5 አካፍል፤ 1.6 ይመጣል፤ ይህ የናሙና አማካይ ከእውነተኛው በተለምዶ የሚርቅበት መጠን ነው። የጎደለው 4 ግራም ለ1.6 ሲካፈል 2.5 ነው። በ24 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (25 ሲቀነስ 1)፣ በሁለት ጎን ፈተና (ማነሱንም መብለጡንም በሚያይ)፣ የፈተናውን ወሰን የሚሰጠው የቲ ሰንጠረዥ በ5 በመቶ ደረጃ (መላ ምቱ እውነት ሆኖ ሳለ በስህተት የመጣል ዕድል) 2.064 ስለሚል 2.5 አልፎታል፣ ስለዚህ 100 ግራም የሚለውን ትጥለዋለህ። የ95 በመቶ ኢንተርቫሉም (ከ96 ላይ 2.064 በ1.6 ተባዝቶ ሲቀነስና ሲደመር) ከ92.7 እስከ 99.3 ነው፤ 100 ውስጡ የለም።

በ1 በመቶ ግን ወሰኑ 2.797 ስለሆነ መጣል አትችልም። ደረጃውን ሳትመዝን በፊት ወስን፤ ውጤት አይቶ መምረጥ በጭራሽ የማልደግፈው ነገር ነው፣ ፈተናውን ዋጋ ያሳጣዋል።

95 በመቶ ማለት ደግሞ ናሙናውን ደጋግመህ ብትወስድ፣ በዚሁ መንገድ ከምትሠራቸው ኢንተርቫሎች 95 በመቶ ያህሉ እውነተኛውን አማካይ ይይዛሉ ማለት ነው።

25ቱም የአንድ ማለዳ ጋገራ ከሆኑ ግን ስለዚያ ማለዳ ብቻ ነው የምታወራው። ቀንና ሰዓት እያፈራረቅህ በዕጣ ምረጥ።